የካቴተር ቀንና የመፀነስ ወር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚጀመር የክሊኒክ ጥናት የአሠራር መመሪያ

በአንገት፣ በአንገት አጥንት ሥር ወይም በብሽሽት በኩል ወደ ትልልቆቹ ደም መልስ ሥሮች የሚዘልቀው ቱቦ፣ የዋርድ ባለሙያዎች ሴንትራል ላይን የሚሉት ማዕከላዊ የደም ሥር ካቴተር፣ ከመውለድ አቅም ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። የሚገናኙት በታካሚዋ አካል ላይ ነው። የጡት ካንሰር የተገኘባት የ28 ዓመት ሴት ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰለ መድኃኒት በካቴተር በኩል ስትወስድ፣ መድኃኒቱ እንቁላል የሚያመነጨውን ኦቫሪ ሊጎዳ ይችላል፤ ካቴተሩ ደግሞ ለደም ኢንፌክሽንና ለደም መርጋት በር ይከፍታል። ኩላሊቷ ሥራ ያቆመባት ወጣት እጥበቱ በካቴተር ሲደረግላት የወር አበባዋ መዛባቱ ወይም መቅረቱ የተለመደ ነው። ከኬሞቴራፒ በፊት እንቁላል ለማስቀመጥ በሆርሞን የምትታከም ሴት ላይም ነገሩ ይደራረባል፤ ምክንያቱም ኦቫሪ ከመጠን በላይ ሲነቃቃ የሚከሰተው የደም መርጋት ብዙ ጊዜ የሚታየው በአንገትና በክንድ ደም ሥሮች፣ ማለትም ካቴተሩ በሚገባበት መንገድ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለሚማሩ ሬዚደንቶችና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በደሴ፣ በቦሩ ሜዳና በኮምቦልቻ የጤና ተቋማት እየሠሩ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽም ብትሆን ጥናት ለመጀመር ለሚያስቡ ነርሶችና ሐኪሞች ነው። ስለ ካቴተር አገባብም ሆነ ስለ መካንነት ሕክምና የሚያስተምሩ ጽሑፎች ስላሉ ያንን አልደግምም። የማተኩረው ሁለቱም ዓይነት ጥናቶች አዘውትረው በሚበላሹበት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እርሱም የክፍልፋዩ ታህት ነው። ላዕሉን፣ ማለትም ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሴት ፀነሰች የሚለውን ማንም ይቆጥራል። ታህቱ ግን የሰው ቁጥር ሳይሆን ጊዜ መሆን አለበት፤ ጊዜን መቁጠር ደግሞ በእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው።

ለማስረዳት ያህል የፈጠርኩትን ምሳሌ እንውሰድ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል 20 ታካሚዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ ለ3 ቀን ካቴተር ነበራቸው፤ 2ቱ ኢንፌክሽን ያዛቸው። በኩላሊት እጥበት ክፍል ደግሞ 20 ታካሚዎች በአማካይ ለ21 ቀን ካቴተር ነበራቸው፤ 4ቱ ኢንፌክሽን ያዛቸው። በሰው ቁጥር ካካፈልን የመጀመሪያው ክፍል 10 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ ይሆንና የእጥበት ክፍሉ ተወቃሽ ይሆናል። በካቴተር ቀናት ካካፈልን ግን የመጀመሪያው ክፍል በ60 ቀን 2፣ ማለትም በ1000 የካቴተር ቀናት 33 ገደማ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ420 ቀን 4፣ ማለትም በ1000 ቀናት 9.5 ገደማ ነው። ፍርዱ ተገለበጠ። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ የካቴተር ኢንፌክሽን የሚነገረው በ1000 የካቴተር ቀናት ነው፤ በመቶኛ የተጻፈ ሪፖርት ሲያጋጥምዎ ታካሚዎቹ ካቴተሩን ለስንት ጊዜ እንደያዙ ይፈልጉ።

በመፀነስም እንዲሁ ነው። አንዲት ጤናማ ሴት በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ የመፀነስ ዕድሏ 20 በመቶ ነው ብለን ብንነሣ፣ ከእንደዚህ ዓይነት ሴቶች መካከል ከ3 ዑደት በኋላ 51 በመቶ ያህሉ ገና አልፀነሱም፤ ከ6 ዑደት በኋላ 26 በመቶ፣ ከ12 ዑደት በኋላ ደግሞ 7 በመቶ ገደማ ይቀራሉ። እንግዲህ ከጋብቻ በኋላ በሦስተኛው ወር የተጠየቀችና በሁለተኛው ዓመት የተጠየቀች ሴት በአንድ ዓምድ ‹አልፀነሰችም› ተብለው ከተጻፉ፣ ውጤቱ የሚነግረን ስለ መካንነት ሳይሆን ስለ መጠይቁ ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን ያለ መከላከያ መደበኛ ግንኙነት እየተደረገ ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ፅንስ አለመያዝ ብሎ የሚተረጉመውም ለዚህ ነው።

የካቴተሩን ቀን መመዝገብ

ከሁሉ በፊት ጥናቱ የትኞቹን ካቴተሮች እንደሚያካትት በጽሑፍ ይወስኑ። በአንገት ለጥቂት ቀናት የሚገባው፣ ከቆዳ ሥር ተሹለክልኮ የሚወጣው የረጅም ጊዜ ካቴተር፣ ለኩላሊት እጥበት የሚውለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ካቴተርና በክንድ በኩል የሚገባው ቀጭኑ የየራሳቸው የአደጋ መጠን ስላላቸው፣ ተቀላቅለው ቢመዘገቡም ተለያይተው መተንተን አለባቸው። በእጅ ጀርባ ላይ የሚደረገው ተራ ካኑላ በዚህ ውስጥ አይገባም። ይህ ግልጽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መረጃ ሰብሳቢው አዲስ ከሆነ ‹በደም ሥር የተደረገ ነገር› ሁሉ ሊመዘገብ ስለሚችል በሥልጠናው ላይ ሁለቱን በእጅ አስይዞ ማሳየት ይጠቅማል።

ቀናቱን ለመቁጠር አስተማማኙ መንገድ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በዋርዱ ውስጥ ዞሮ ካቴተር ያላቸውን ታካሚዎች መቁጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሐኪሞቹ ዙረት በፊት ከሆነ ሁልጊዜ 3 ሰዓት ይሁን። የሚቆጠረው ታካሚው እንጂ ቱቦው አይደለም፤ በአንገትም በብሽሽትም ካቴተር ያለው ሰው በዚያ ቀን አንድ የካቴተር ቀን ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀናት የሚዘለሉ ከሆነ ታህቱ ያንሳል፣ መጠኑም ያለ አግባብ ይጨምራል፤ ስለዚህ የፋሲካና የዒድ ተረኛ ማን እንደሆነ ጥናቱ ሳይጀመር መታወቅ አለበት። ከዓመት በኋላ ከካርድ ክፍል ፋይል አውጥቶ ቀናቱን ለመገመት መሞከርን አልመክርም። ካቴተሩ የገባበት ቀን በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የወጣበትን ቀን የጻፈ ግን እምብዛም አይገኝም።

ካቴተሩ በገባ ጊዜ ሊመዘገቡ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ የገባበት ቦታ፣ ምክንያቱ፣ በአልትራሳውንድ ታግዞ መሆን አለመሆኑ፣ ያስገባው ባለሙያ የሥልጠና ደረጃ፣ እጅ መታጠቡ፣ ትልቁ ንጹሕ ጨርቅ ከጋውን፣ ከጓንት፣ ከማስክና ከቆብ ጋር መዋሉ፣ ቆዳው በምን እንደ ጸዳ። እነዚህ ከአየር የተወሰዱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የሚሺጋን ግዛት ጥናት በመቶ በሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አምስት ነገሮች እንዲፈጸሙ አደረገ፤ እጅ መታጠብ፣ ሙሉ ንጹሕ መሸፈኛ መጠቀም፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ ብሽሽትን መተውና የማያስፈልግን ካቴተር ቶሎ ማውጣት ናቸው። በአማካይ በ1000 የካቴተር ቀናት 7.7 የነበረው የኢንፌክሽን መጠን ከ16 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ወደ 1.4 ወረደ። ከአምስቱ አንዱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የመጨረሻው እንዲያውም ምንም አይጠይቅም፣ በየማለዳው ‹ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?› ብሎ ከመጠየቅ በስተቀር። ስለ ቦታው ግን አንድ ነገር ይታወስ፤ በአንገት አጥንት ሥር የሚገባው በኢንፌክሽንና በደም መርጋት ረገድ የተሻለ ሆኖ ቢገኝም፣ በሳንባ ዙሪያ አየር የማስገባት አደጋው ከፍ ያለ ነው። የደም ሥሩን ስለሚያጠብም እጥበት ለሚደረግላቸው ታካሚዎች አይመረጥም። ስለዚህ በመተንተን ጊዜ ‹መጥፎ ቦታ› እና ‹ጥሩ ቦታ› የሚል ክፍፍል ለሁሉም ታካሚ አይሠራም።

ኢንፌክሽኑን ለመወሰን በብዙ አገሮች የሚሠራበት ትርጉም ሁለት ምሰሶዎች አሉት። አንደኛው የጊዜ ነው፦ ካቴተሩ ከሁለት ተከታታይ የቀን መቁጠሪያ ቀናት በላይ መቆየት አለበት፤ የገባበት ቀን አንደኛ ቀን ተብሎ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የሚከሰተው ይቆጠራል፣ ከወጣ ደግሞ በወጣበት ወይም በማግሥቱ የታየው ይገባል። ሁለተኛው የላቦራቶሪ ነው፦ ከደም ካልቸር፣ ማለትም በደም ናሙና ውስጥ ያለ ጀርም እንዲያድግ ተደርጎ ከሚታይበት ምርመራ፣ ጀርም መገኘትና ያ ጀርም ከሌላ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ ከሳንባ ወይም ከሽንት፣ የመጣ አለመሆኑ። በቆዳ ላይ የሚኖሩ ተራ ጀርሞች ከሆኑ አንድ ጠርሙስ አይበቃም፤ በተለያየ ጊዜ ወይም ቦታ ከተቀዱ ሁለት ናሙናዎች መገኘት አለባቸው፤ ከዚህም ጋር ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የደም ግፊት መውረድ ከሦስቱ አንዱ አብሮ መኖር አለበት።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። ካልቸር የማይላክበት ዋርድ በዚህ ትርጉም መሠረት ኢንፌክሽን የማይገኝበት ዋርድ ይሆናል፤ ኢንፌክሽን ስለሌለበት ግን አይደለም። ታካሚው ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ጀምሮ ከመጣ ደግሞ ካልቸሩ ቢላክም ምንም ላያበቅል ይችላል። ስለዚህ ከኢንፌክሽኑ ቁጥር ጎን ለጎን በወሩ ስንት የደም ካልቸር እንደ ተላከ፣ ስንቱ ከአንቲባዮቲክ በፊት እንደ ተቀዳ ይመዝግቡ፤ በዋርዶች መካከል የሚታየው ልዩነት የካልቸር አላላክ ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላልና። ከካቴተሩና ከክንድ እኩል የተቀዱ ናሙናዎችን አወዳድሮ የካቴተሩ በ2 ሰዓት ቀድሞ ከበቀለ ምንጩ ካቴተሩ ነው የሚለው ዘዴ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱን ያለማቋረጥ የሚከታተል አውቶማቲክ ማሽን ይፈልጋል። ጠርሙስ በዓይን እየታየ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ይህን መስፈርት በፕሮቶኮሉ ውስጥ አያስገቡ።

ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው?

ሦስተኛው ቀን የሚለው መስፈርት ቀላል ይመስላል፤ ካቴተሩ ሌሊት የገባ እንደሆነ ግን ይወሳሰባል። ተረኛው ሐኪም ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ካቴተር አስገብቶ በማስታወሻው ላይ ‹ሐሙስ፣ ሌሊት 8› ብሎ ይጽፋል። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ አልተሳሳተም። ትርጉሙ የተሠራበት የቀን መቁጠሪያ ግን የሚለወጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነውና በዚያ መሠረት ካቴተሩ የገባው ዓርብ ነው። ሐሙስ ከተባለ ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ፣ ዓርብ ከተባለ ደግሞ እሑድ ይሆናል። ታካሚው ቅዳሜ ከሰዓት ቢተኩስ በአንዱ አቆጣጠር የጥናቱ ጉዳይ ነው፣ በሌላው አይደለም። በእንደ እኛ ባለ አነስተኛ ቁጥር በሚሠራ ጥናት ሁለት ወይም ሦስት እንደዚህ ያሉ ታካሚዎች ውጤቱን ሊቀይሩት ይችላሉ።

መፍትሔው ሰዎች ልማዳቸውን እንዲተዉ ማስገደድ አይደለም። በቅጹ ላይ ቀኑን ነርሷ በምታውቀው አቆጣጠር ትጻፍ፤ ከሰዓቱ ጎን ‹ቀን› ወይም ‹ሌሊት› የሚል ምልክት ይኑር፤ ሰዓቱ ከሌሊት 6 እስከ ንጋት 12 ከሆነ ‹ለየትኛው ቀን አጥቢያ?› የሚል አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይከተል። ወደ ሌላው አቆጣጠር መለወጡ በኮምፒውተር፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰው ይሠራ። የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። ነርሷ በአእምሮዋ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየለወጠች እንድትጽፍ ከተጠየቀች፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት ከዚያ በኋላ 8 ዓመት የሚጨመርበት ሥርዓት በተለይ በታኅሣሥ መጨረሻ ያሳስታል፤ የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 እንጂ ጥር 1 አይደለምና። የተፈጠረው ስህተት ደግሞ የአንድ ቀን ሳይሆን የዓመት ነው። ኦዲኬ የተባለው የስልክ መጠይቅ ፕሮግራም ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳይቶ የመቀበል አማራጭ ስላለው፣ በስልክ ለሚሰበሰብ መረጃ ይህ ጭንቀትን ይቀንሳል። መረጃው ከገባ በኋላ ካቴተሩ ከመግባቱ በፊት ‹የወጣ›፣ ወይም ከ300 ቀን በላይ ‹የቆየ› የአንገት ካቴተር ካለ በየሳምንቱ ይፈለግ፤ አብዛኛውን ጊዜ የዘመን ልወጣ ስህተት ሆኖ ይገኛል።

የመፀነስን ጊዜ መቁጠር

የካቴተር ቀን በዋርድ ውስጥ ዞሮ ይቆጠራል፤ የመፀነስ ወር ግን ከሰው ትዝታ የሚገኝ ነው። የመነሻው ቀን ጋብቻው አይደለም። መነሻው ባልና ሚስቱ መከላከያ ትተው አብረው መኖር የጀመሩበት ወር ሲሆን፣ ይህም በወሎ ገጠርም ሆነ ከተማ ከጋብቻው በብዙ ወራት ሊርቅ ይችላል። ከባልና ሚስት አንዱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደበት፣ ባል በሹፌርነት ወይም በቀን ሥራ ርቆ የከረመበት ጊዜ ሁሉ ከታህቱ መውጣት አለበት። ሦስት ዓመት በትዳር ቆይተው አብረው የኖሩት 9 ወር ብቻ የሆኑ ጥንዶች መካን አይባሉም፤ ገና ጊዜውም አልደረሰም። ‹ልጅ ሳይወልዱ 3 ዓመት› ብሎ የጻፈ መጠይቅ ሴቲቱን ይበድላታል፣ ጥናቱንም ያበላሻል።

መከላከያውም በስም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በትዳር ካሉ ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ በመርፌ የሚወሰድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ የመፀነስ አቅም እስኪመለስ ወራት መውሰዱ የታወቀ ስለሆነ፣ ‹መከላከያ ያቆሙት መቼ ነው?› ከሚለው ይልቅ ‹የመጨረሻውን መርፌ የተወጉት መቼ ነው?› የሚለው ጥያቄ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የውሳኔዋን ቀን፣ ሁለተኛው የመድኃኒቱን ቀን ይሰጣል፤ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ወሩን ለማስታወስ በበዓላት መታገዝ በአካባቢያችን ጥሩ ውጤት ይሰጣል። መስከረም 21 የሚውለው የግሸን ማርያም ክብረ በዓል፣ ጥምቀት፣ የአቢይ ጾም መያዣ፣ ረመዳን፣ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚኬድበት መውሊድ፣ የመኸር ወቅትና የትምህርት ቤት መከፈቻ በአንድ ገጽ ተዘጋጅተው ‹ከግሸን በፊት ነው ወይስ በኋላ?› ተብሎ ሲጠየቅ፣ በቁጥር የማይገኘው ወር ይገኛል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የእስልምና በዓላት በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን ወደ ፊት የሚቀድሙ መሆናቸው ነው፤ የዘንድሮው መውሊድና የአምናው በአንድ ቀን ስለማይውሉ ገጹ ለየዓመቱ ለብቻው ይዘጋጅ። ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር መቁጠርም ያጋጥማል። ከነሐሴ እስከ ነሐሴ 13 ወር ነው የሚል መረጃ ሰብሳቢ አንድ ወር አስቀድሞ ‹መካን› የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ልዩነቱን በቀን አስልቶ በኋላ ወደ ወር መለወጥ ይህን ያስቀራል።

ተሳታፊዎችን ከእርግዝና ክትትል ክፍል ብቻ መመልመል በጣም ይቀላል፣ በጣምም ያሳስታል። በዚያ ወረፋ ላይ ያሉት ሁሉ ፀንሰዋል፤ ያልፀነሱት እዚያ የሉም። ለስንት ወር ሞከሩ ተብለው ቢጠየቁ የሚገኘው ቁጥር አጭርና ደስ የሚል ይሆናል፣ ስለ ከተማው ሴቶች ግን አይናገርም። የተሻለው በመሞከር ላይ ያሉትን አግኝቶ ወደ ፊት መከታተል ነው፤ ያ ካልተቻለ ገደቡን በርዕሱ ላይ ሳይቀር መግለጽ ያስፈልጋል።

ወንዶቹም አይቅሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የዘር ፈሳሽ ምርመራ መመሪያ ላይ የሰፈሩት ዝቅተኛ ልኬቶች፣ መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ፣ 42 በመቶ ተንቀሳቃሽ የሚሉት፣ የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ከፀነሱላቸው ወንዶች ዝቅተኛ 5 በመቶ ላይ ነው። ከዚያ በታች መሆን መካንነትን አያረጋግጥም፤ በላይ መሆንም ዋስትና አይሰጥም። ናሙናው ከ2 እስከ 7 ቀን መታቀብ በኋላ የሚሰጥና በ60 ደቂቃ ውስጥ ምርመራው መጀመር ያለበት ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ ተቀብሎ የሐረጎን ዳገት አስወጥቶ ደሴ ማድረስ አይመከርም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መኪናው እስኪሞላ ያለው ጊዜ ብቻውን ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው ራሱ ላቦራቶሪው ድረስ ይምጣ።

ሁለቱን በአንድ መዝገብ

አሁን ካቴተርና የመውለድ ጉዳይ ወደሚገናኙባቸው ታካሚዎች እንመለስ። ከ18 እስከ 45 ዓመት የሆኑ፣ በካቴተር ኬሞቴራፒ ወይም የኩላሊት እጥበት የሚጀምሩ ሴቶችን የሚከታተል ጥናት ቢታሰብ፣ በከተማችን በአንድ ዓመት የሚገኙት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ከእነርሱ ስንቶቹ ፀነሱ የሚለውን ዋና ውጤት ማድረግም ከንቱ ድካም ነው። ከእጥበት ላይ ሆኖ መፀነስ በራሱ እምብዛም ነው፤ ከኬሞቴራፒ በኋላም ብዙዎች ለዓመታት እንዲቆዩ ይመከራሉ። የወር አበባ መመለስን የመውለድ አቅም ምልክት አድርጎ መውሰድም አያስተማምንም፤ ዑደቱ ተመልሶ የእንቁላል ክምችቱ የተመናመነባት ሴት አለች። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ውጤት ሌላ ነው፦ ሴቲቱ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ስለ መውለድ አቅሟ ተነግሯት ነበር ወይ? የንግግሩ ቀንና የመጀመሪያው መድኃኒት ቀን ተመዝግበው በመካከላቸው ያለው ቀን ይሰላል። ይህ ውጤት ለሁሉም ታካሚ በወሩ ውስጥ ይታወቃል፣ ሐኪሙም በማግሥቱ ሊያሻሽለው ይችላል።

ቀኑ አስፈላጊ የሆነው እንቁላል ለማውጣት የሚደረገው ዝግጅት ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ ነው። ደሴ ላይ የተነገራት ሴት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ በአዲስ አበባ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ሄዳ ለመመካከር፣ የካንሰሩን ሕክምና ሳታዘገይ ቀናት ያስፈልጓታል። ካቴተሩ ከገባና መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ የሚደረግ ምክር ዘግይቷል። በዚህ ምክንያት ‹የመውለድ አቅም ተነግሯታል፦ አዎ/አይ› የሚል ነጠላ ሣጥን በቅጹ ላይ ካለ ይሰረዝ፤ በቦታው ቀንና ተናጋሪው ባለሙያ ይግቡ።

የስምምነቱን ንግግር በተመለከተ፣ ታካሚዋ ብቻዋን ስትሆን ይጠየቅ። ባል ወይም አማት አጠገብ ካሉ ‹ልጅ ወልደው ያውቃሉ?› የሚለው ጥያቄ ራሱ ሸክም ነው። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን፣ በ‹እርስዎ› ወይም እንደ አካባቢው በ‹አንቱ› ብትጀምር፣ ‹ልጅ የለዎትም?› ከማለት ‹ወደ ፊት ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለዎት?› ብትል መልሱም የሚታመን ይሆናል። ከአልጋዋ ራስጌ በሚሰቀል ወረቀት ላይ የጥናቱ ስም ‹የመካንነት ጥናት› ተብሎ አይጻፍ፤ በኮድ ብቻ ይሁን። ፕሮቶኮሉ ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ቬርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1929 በገዛ ክንዱ ቱቦ ከትቶ እስከ ልቡ ሰድዶ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ፤ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። የዛሬ ኮሚቴ ግን አያሳልፈውም፣ እኔም አላሳልፈውም።

ወደ ኋላ ሄደው መዝገብ የሚያገላብጡ ከሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ የነበሩበትና የጤና ተቋማት የተዘረፉበት ጊዜ ለብቻው ይታይ። መዝገብ የሌለበት ወር ኢንፌክሽን ያልነበረበት ወር አይደለም። ላዕሉንም ታህቱንም ከስሌቱ ያውጡ፤ አማካይ ወስደው አይሙሉት፤ በግራፉ ላይም መስመሩን ቆርጠው ክፍቱን ይተዉት።

በመተንተኑ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለካቴተሩ በፖይሶን ስሌት (በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የደረሱ ክስተቶችን ቁጥር በሚተነትን ዘዴ)፣ ለመፀነስ ደግሞ ዑደትን በዑደት በሚቆጥር የጊዜ ሞዴል መሥራት የተለመደ ነው። በክትትል መካከል የጠፋች፣ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረች ወይም ሕይወቷ ያለፈ ተሳታፊ እስከ መጨረሻው የታየችበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜዋ ይቆጠራል እንጂ ከነጊዜዋ አትሰረዝም። የወር አበባዋ የተዛባባት የእጥበት ታካሚ ግን ዑደት ስለሌላት በቀን መቁጠሪያ ወር ትቆጠር። ዜሮ ሲመጣም አይደሰቱ፦ በ300 የካቴተር ቀናት ምንም ኢንፌክሽን ካልታየ፣ እውነተኛው መጠን በ95 በመቶ እርግጠኝነት እስከ 3 ሲካፈል ለ300፣ ማለትም በ1000 ቀናት እስከ 10 ሊደርስ ይችላል። ይህን ላይኛ ወሰን ሳይጽፉ ‹ኢንፌክሽን አልተገኘም› ብሎ ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

ለዋርዱ የሚመለሰው ወርሃዊ ሪፖርት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በላዩ ላይ የካቴተር ቀናቱ ድምር፣ የኢንፌክሽኑ ቁጥር፣ የላይኛው ወሰን፣ የተላኩት ካልቸሮች፣ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት የተነገራቸው ሴቶች ቁጥርና በንግግሩና በመድኃኒቱ መካከል የነበሩት ቀናት ይኑሩ። የባለሙያም የታካሚም ስም አይኑርበት። በቆጠራው ዙር ላይ ማንም የማይጠቀምበት ካቴተር ካጋጠመ ግን የወሩ ሪፖርት አይጠበቅም፤ ቆጣሪዋ በዚያው ጠዋት ለተረኛው ሐኪም ትንገረው፣ መንገሯንና ካቴተሩ የወጣበትን ሰዓትም በዚያው ቅጽ ላይ ትጻፍ።